የገርዳ እህት ቀሚስ

ነቀምቴ ውስጥ ሲስተር ገርዳን «አንቺ» የምትላት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሸዋጌጥ ናት። የአውራጃው ሹማምንት እንኳ «እርስዎ» ነው የሚሏት። የክሊኒኩ ሠራተኞች፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች፣ እንቁላል የሚሸጡላት ባልቴቶች ሳይቀሩ ነጯን ነርስ ሲያዩ ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። ሸዋጌጥ ግን በረንዳዋ ላይ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሣ፣ «ገርዳ፣ አቧራውን ጠረግ አድርጊና ቁጭ በይ» ትላታለች። ገርዳም ጠርጋ ትቀመጣለች። ሸዋጌጥ ይህን ስትል ድምጿን ከፍ የምታደርገው አላፊ አግዳሚው ሰምቶ እንዲያልፍ ነው።

ደግሞስ ለምን አትል? ገርዳ ከጀርመን አገር መጥታ ሚሲዮኑ ክሊኒክ የገባች ጊዜ አማርኛዋ የመጽሐፍ አማርኛ ነበር። መጀመሪያ በረንዳው ላይ ብቅ ስትል፣ «እህቴ ሆይ፣ የተቀደደውን ልብሴን ትጠግኚልኝ ዘንድ እለምንሻለሁ» ነበር ያለቻት። ሸዋጌጥ ከሳቋ ብዛት ክሩን ከመርፌው አወጣችው። «እንዲህ ስትይ ቄስ የላኩሽ ነው የሚመስለው። 'ይቺን ጥቀሚልኝ' በያ!» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገርዳ ከሥራ በወጣች ቁጥር እየመጣች ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ የገበያውን፣ የስድቡን፣ የሽርደዳውን አማርኛ ሁሉ ከሸዋጌጥ አፍ ለቀመችው። ከተማው ሲስተር ገርዳ ጨዋታ አወቀች ብሎ ሲያደንቅ ሸዋጌጥ በሆዷ፣ «የኔ እጅ ሥራ ነው» ትላለች።

ሸዋጌጥ ራሷ ማንም አላስተማራትም። አባቷ ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ሚሲዮኑ ሴት ልጆችን ሲቀበል የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሲገቡ እሳቸው «የፈረንጅ ትምህርት ለኔ ልጅ አይሆንም» ብለው ከለከሏት። ፊደሉን የለየችው ባለሱቆቹ ስኳርና ጨው ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። እስከ ዛሬም አንድ ነገር ተጠቅልሎ ሲመጣላት ከውስጡ ይልቅ መጠቅለያውን አስቀድማ ነው የምታየው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጨረሰች ሴት ባጠገቧ ስታልፍ መኪናዋን የምታስጮኸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በተለይ ድርቤ ስታልፍ።

ድርቤ ከኑኑ ቁምባ የመጣች የክሊኒኩ ረዳት ናት። መርፌ ትቀቅላለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት መዝሙር ታወጣለች። ስትሄድ ራሷ ላይ ማድጋ ያለ ይመስል አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነው። ሸዋጌጥ የሰውን ልክ በዐይኗ ነው የምትወስደው፤ ሰው በሩቅ ሲመጣ አይታ ትከሻው ይህን ያህል፣ ወገቡ ይህን ያህል ብላ ጨርሳ ነው የምትጠብቀው። ድርቤን ግን አይታት አታውቅም። ስታልፍ ዐይኗን ጨርቁ ላይ ትተክላለች።

አሁን ስለ ሁለት ልብሶች መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእነሱ ነውና።

አንደኛው ጥቁር ነው። ገርዳ ይዛው የመጣችው ሰማያዊ የሥራ ልብስ ከማጠብ ብዛት ሳስቶ ሲያልቅ፣ ሸዋጌጥ ገበያውን ሁሉ ዞራ ሰማያዊ ጠፋ። የተገኘው ጥቁር ፖፕሊን ብቻ ነበር። «ጥቁር ይሁን ወይ?» አለቻት። «ይሁን፤ ቆሻሻ ይደብቃል» አለች ገርዳ። በኅዳር ተሰፋ፤ በኅዳር ተለበሰ።

ሁለተኛው ነጭ ነው። ገርዳ አኔ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ባሕር አጠገብ ባለ ሐምቡርግ በሚባል ትልቅ ከተማ የምትኖር። «ያገር ልብስ ልልክላት እፈልጋለሁ፤ ባለጥልፍ» አለች። ልኳን በእጇ አሳየቻት፤ መዳፏን ከራሷ ጠጉር በላይ ከፍ አድርጋ፣ «እስከዚህ ትደርሳለች። ከኔ ቀጭን ናት። አንገቷ ረጅም ነው» አለቻት። ሸዋጌጥ አንገቱን ዙሪያ በአረንጓዴ ክር ጠለፈችው። ገርዳም እየመጣች ጥልፉ ሲያድግ ታያለች፤ ሸዋጌጥ ገልብጣ ጀርባውን ታሳያታለች፤ ጀርባውም እንደ ፊቱ ጥርት ያለ ነበር። ዱካው ላይ ተቀምጣ ስለ አኔ ያላወራችው ነገር የለም። አኔ ሳህን ስታጥብ ትሰብራለች። አኔ ውሻ ትፈራለች። አኔን ነቀምቴ ውስጥ ከሸዋጌጥ በቀር የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

ቀሚሱ ሊያልቅ ጥቂት ጥልፍ ሲቀረው፣ በየካቲት፣ ባሕሩ በሌሊት ተነሣ። ማዕበሉ የሐምቡርግን ግድብ ጥሶ ሰው በተኛበት ገባ። ወሬውን መጀመሪያ የሚሲዮኑ ራዲዮ ተናገረ፤ ከዚያ ቴሌግራም መጣ። አኔ ከሞቱት አንዷ ነበረች።

ነቀምቴ ለቅሶ ያውቃል። የጨለለቂ ሰፈሩ፣ የገበያ ዳሩ፣ የጸሎት ቤቱም የማርያሙም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ክሊኒኩ ጎረፈ። ገርዳ ግን ተሰልፈው የሚጠብቁ በሽተኞች ነበሩባትና መርፌ እየወጋች አገኟት። አንድ እንባ አላወጣችም። ሰው ግራ ገብቶት ሊመለስ ሲል አንዷ፣ «እንዴ፣ ልብሷን አታዩም? ከል ለብሳለች እኮ! በሆዷ ነው የያዘችው» አለች። ወዲያው ሁሉም አዩ፤ ጥቁር ለብሳለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገርዳ በከተማው ዐይን ከል ለባሽ ሆነች። ያ ጥቁር ልብስ ከጎርፉ በፊት እንደተሰፋ ልብ ብላ የምታስታውሰው ሸዋጌጥ ብቻ ናት። መጀመሪያ ዝም ያለችው የጠየቃት ስላልነበረ ነው። ኋላ ዝም ያለችው ግን እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ስለሆነ፣ ስለጣማት ነው።

ነጩን ቀሚስ ጨርሳ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። ገርዳ አልጠየቀችም፤ እሷም አላነሣችም።

ዓመቱ ዞሮ የካቲት ሲመጣ አዴ በቀለች በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። አዴ በቀለች ከጸሎት ቤቱ ሴቶች ሁሉ የሚፈሩ፣ ለሠርግም ለሐዘንም ትእዛዝ ከሳቸው የሚወጣ ሴት ናቸው።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ልጄ፣ ደኅና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አዴ በቀለች። ይቀመጡ፣ ፀሐይ ነው።»

ተቀመጡና ከብብታቸው አንድ ጥቅል ሸማ አወጡ። «ይኸው። ፈትሉን ሁላችንም አዋጣን፤ የኛም ሴቶች፣ የናንተ የማርያሞቹም ሴቶች። ሸማኔው ትናንት ቆርጦ ሰጠኝ። የሲስተር ገርዳ እህት ሙት ዓመት ደርሷል። የእህቷ ብቻም አይደል፤ ያ ሁሉ ሰው በተኛበት ያለቀበት ቀን ዝም ብሎ አይታለፍም። ቅዳሜ፣ ክሊኒኩ ግቢ። ጾም ሳይገባ መሆኑ የናንተም ሰው አፉን ሳይዝ እንዲቀምስ ነው።»

«ኦቦ ደረሳ እሺ አሉ?» ኦቦ ደረሳ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በድግስ አይታሙም።

«'ተዝካር በኛ ቤት የለም' አሉኝ። 'ተዝካር አይደለም፤ ጸሎት ነው። ከዚያ ከሏን እናወልቅላታለን፤ ከዚያ ትንሽ እንቀምሳለን' አልኳቸው። 'ይሄ ቅምሻ ተዝካሩ አይደል ወይ?' አሉኝ። 'እንግዲያው እርስዎ አይቅመሱ' አልኳቸው። ዝም አሉ።»

ሸዋጌጥ ሳቀች። ሸማውን ዳሰሰችው፤ ጥሩ ፈትል ነው። የሥራ ልብስ ሊያወልቁላት ከተማ ሙሉ መሰብሰቡ ትንሽ ከነከናት፤ ነገር ግን አሁን ተናግራ ያን ሁሉ ፈትል ልታስቀር ነው? ደግሞም ሌላ ነገር በሐሳቧ መጣ። ከል በዓመቱ ሲወልቅ ሐዘንተኛዋ ራሷ አታወልቀውም። እህቷ ናት የምታወልቅላት፤ እህት ባይኖር እንደ እህት የምትታይ። ያቺ ጥቁሩን አውልቃ ነጩን ያለበሰች ሴት ከዚያ ወዲያ በሠርግም በሞትም እህቷ ናት፤ ማንም «ምኗ ነሽ?» አይላትም።

«እና…» አለች፣ ክር የምትፈልግ መስላ ጎንበስ ብላ፣ «ማን ያወልቅላታል?»

«ድርቤ ናታ።»

የስፌት መኪናው ጎማ በራሱ ትንሽ ዞረና ቆመ።

«ድርቤ?»

«አብራት ውላ አብራት ታድራለች ማለት ይቻላል። የጸሎት ቤታችን ልጅ ናት። ደግሞ ቋንቋዋን እየተማረች ነው።»

«የማንን ቋንቋ?»

«የጀርመኑን። ሲስተር ገርዳ ማታ ማታ ታስተምራታለች። አልሰማሽም?»

አልሰማችም። ሸዋጌጥ ከአንድ ዓመት በላይ ገርዳን አማርኛ ስታስተምር አንድ ቀን «ያንቺንም አስተምሪኝ» ብላ አልጠየቀችም፤ ኩራቷ አላስጠየቃትም። ገርዳም በራሷ አላነሣችም። ለካ ማስተማር ታውቅበት ኖሯል!

«አንቺ ደግሞ ቀሚሱን ትሰፊልናለሽ» አሉ አዴ በቀለች ሲነሡ። «ልኳን ታውቂያለሽ። ያላንቺ ማን ይሰፋል?»

«ልክ ነዎት» አለች ሸዋጌጥ። «ያለኔ ማን ይሰፋል።»

ሁለት ቀን ሳይሞላ ራሷ ድርቤ መጣች። በሩቅ ነው ሰላምታ የጀመረችው፣ «ሸዋዬ!» እያለች፤ ይህም ሸዋጌጥን አናደዳት፤ ሸዋዬ የሚሏት እናቷ ብቻ ናቸው።

«ስለ ቀሚሱ ልጠይቅሽ ነው» አለች ድርቤ። «አንገቱ በፊት ነው የሚከፈት በጀርባ? ሰው ፊት ቆሜ እንዳልደናበር።»

«አይዞሽ፣ አንገት የምታውቂ ሰው ነሽ።»

ድርቤ አልገባትም፤ ወይም እንዳልገባት ሆነች። ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ የገርዳ ዱካ ላይ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር። ለአዴ በቀለችም 'ሸዋጌጥ ናት የምትቀርባት' ብያቸው ነበር።»

«እና ምን አሉሽ?»

ድርቤ ከንፈሯን ነከሰች። ልትዋሽ አስባ አልሆነላትም። «'ሸዋጌጥ ምላሷ ስለታም ነው፤ ሐዘንተኛ አጠገብ አይሆንም' አሉ።» ይህን ብላ ሳቀች፤ ሸዋጌጥም አብራ የምትስቅ መስሏት። «እውነታቸውን እኮ ነው፣ ሸዋዬ!»

«እውነታቸውን ነው» አለች ሸዋጌጥ። «በፊት ነው የሚከፈተው። ሂጂ፣ በሽተኛሽ ይጠብቅሻል።»

ድርቤ ከሄደች በኋላ ዱካውን አንሥታ ቤት አገባችው።

የደግነቷ ነገር ነው የከፋው። ተንኮለኛ ብትሆን ሸዋጌጥ ታውቅባታለች፤ ተንኮልን በተንኮል ትመልሳለች። ይቺ ግን የሰውን ቦታ ወስዳ፣ ቦታው ላይ ተቀምጣ፣ «ላንቺ ነበር ያሰብኩት» ትላለች። አኔን ታውቃለች? አኔ ውሻ እንደምትፈራ ታውቃለች? ያን አረንጓዴ ጥልፍ ገርዳ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይህን ስትለብስ ማንም አይችላትም» ስትል ድርቤ የት ነበረች? መርፌ ትቀቅል ነበር!

ያዋጡትን ሸማ በገርዳ ልክ ቆርጣ ሰፋች። ክፉ ስፌት መስፋት አትችልም፤ ብትፈልግም እጇ አይታዘዝላትም። አጥፋ በጋዜጣ ጠቀለለችውና አሰረችው። አስራ ስትጨርስ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች። የአኔን ቀሚስ አወጣች። እሱንም በዚያው ዓይነት ጋዜጣ፣ በዚያው ዓይነት ክር አሰረችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። መንትያ ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ድርቤ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ ጥቅሉን ትፈታለች። የሟቿን ቀሚስ ዘርግታ ገርዳ ፊት ትይዛለች። ገርዳ ታውቀዋለች፤ ትደነግጣለች፤ ወይ ትጮኻለች ወይ ትሸሻለች። ድርቤም አንገቷን ይዛ እዚያው ትደርቃለች። ያን ጊዜ ሸዋጌጥ ከሰው መሐል ትነሣለች፤ «ወይኔ ጉዴ! ጥቅሉን አሳስቼ ነው!» ትላለች፤ ቤቷ ቅርብ ነው፣ ሮጣ ዋናውን ታመጣለች፤ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል ገርዳን የምታረጋጋና የምታለብስ ሌላ ማን ይኖራል? «ወይኔ ጉዴ» ስትል ፊቷ ምን መምሰል እንዳለበት ሳይቀር መስታወት ፊት ሞከረችው። ደኅና ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ እጇ ጥቅሉ ላይ ቆመ። ገርዳ ያኔ ከቴሌግራሙ በኋላ መጀመሪያ በረንዳው ላይ የመጣች ቀን የሽርጥ ማሰሪያ ልታስጠግን ነበር፤ ስፌቱ እስኪያልቅ ድረስ ሣጥኑን እያየች ነበር። ሸዋጌጥ ይህ ትዝ አላት። «ቢያማት ትንሽ ነው» አለች ለራሷ። «ቶሎ እደርስላታለሁ።» የአኔን ጥቅልም ለአዴ በቀለች ላከችላቸው።

ቅዳሜ የክሊኒኩ ግቢ ሞላ። የጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የማርያም ሴቶች ሣሩ ላይ ለብቻ ተቀምጠዋል፤ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ። ገርዳ መሐል ወንበር ላይ፣ በጥቁሯ ልብስ። ኦቦ ደረሳ ተነሥተው በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገሩ።

«የዴዴሳን ሙላት በክረምት ያየ ይነሣ!» አሉ። ግማሹ ሰው ተነሣ። «ተቀመጡ። አሁን መቶ ዴዴሳ አንድ ላይ አድርጉት። እሱ ነው በሌሊት የመጣባቸው።»

«ያ ዋቅ!» አለች አንዲት ሴት። «አምላኬ!»

ሣሩ ላይ ከተቀመጡት ሁለት አሮጊቶች አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ አለች። «ውኃው ጨው ነው አሉ።»

«ጨው ከሆነ ምን ያደርጋሉ፣ አይጠጡት!»

«አይ አንቺ፣ እሱ ነው እኮ የጠጣቸው።»

ጸለዩ። ድርቤ መዝሙር አወጣች፤ ድምጿ ግቢውን አልፎ ወደ መንገዱ ሄደ፤ ሸዋጌጥም ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ አዴ በቀለች ጥቅሉን አምጥተው በድርቤ መዳፍ ላይ አኖሩት። ሸዋጌጥ ከኋላ ቆማ ነበር፤ «ወይኔ ጉዴ»ን ምላሷ ጫፍ ላይ ይዛ።

ድርቤ ክሩን ፈታች፤ ቀሚሱን በሁለት እጇ ከትከሻው ይዛ ዘረጋችው።

ገርዳ ከወንበሯ ተነሣች። አልጮኸችም፤ አልሸሸችምም። ቀስ ብላ ቀረበችና ጥልፉን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባውን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ቀሚሱን አቅፋ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማው የጠበቀውን ለቅሶ ለቀቀችው። በጀርመንኛ አልነበረም። «እህቴ! እህቴ! ወይኔ እህቴ!» አለች፤ ልክ እንደ አገር ሴት፣ ደረቷን እየመታች። ይህን ማን አስተማራት? ሸዋጌጥ በረንዳዋ ላይ ሆና የሰፈር አልቃሾችን እየቀዳች ስታስቃት ነበር የተማረችው።

ከዚያ ግቢው ፈነዳ። በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን ሟች በደንብ ያላለቀሰ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ኦቦ ደረሳ በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እሰይ! አውጪው ልጄ፣ አውጪው!» አሉ አዴ በቀለች እንባቸው እየወረደ። «ዓመት ሙሉ ማንም አልቻለም፤ ድርቤ አወጣችላት!»

«ድርቤ ናት» ተባለ ከወዲያ ወዲህ። «እጇ ብሩክ ነው። ይቺ ልጅ እጇ ብሩክ ነው።»

ሸዋጌጥ «ወይኔ ጉዴ»ን ዋጠችው። ማን ይሰማታል? ለምንስ ትላለች? ያሰበችው ሁሉ ሆነ፤ አንድም አልቀረ፤ ሁሉም ግን የድርቤ ሆነ።

ለቅሶው በረድ ሲል አዴ በቀለች ዐይናቸውን ጠርገው ቀሚሱን ዳሰሱ። ፈትል ያዋጣ ሰው ፈትሉን ያውቃል። «ቆይ ቆይ… ይሄ የኛ ሸማ አይደለም።»

ሁሉም አዩ። ሸዋጌጥ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«የአኔ ነው» አለች ገርዳ ከመሬት ሳትነሣ። «ሸዋጌጥ ለአኔ የሰፋችው። አኔ ሳትለብሰው… እኔ መጠየቅ ፈራሁ። ሸጠችው ብዬ አሰብኩ፣ ቀደደችው ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ጠብቃ ለዚህ ቀን አቆየችልኝ።» ቀና ብላ በሰው መሐል ፈለገቻት። «ሸዋጌጥ፣ ነይ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። «ገለቶሚ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል፣ «እግዜር ይስጥሽ፤ ምን ዓይነት ልብ ነው!» ይሏታል። እያንዳንዱ ምስጋና እንደ መርፌ ነበር የወጋት። ሆኖም ገርዳ እጇን ዘርግታ ነበር የምትጠብቃት፤ ድርቤን ሳይሆን እሷን ነበር የጠራችው፤ ልቧም ሳታውቀው ዘለለ። ደርሳ እጇን ያዘች።

«አኔ እስከዚህ ነበረች» አለች ገርዳ ተነሥታ፣ መዳፏን ከራሷ ጠጉር በላይ ከፍ አድርጋ፤ ያን ቀን እንዳሳየቻት። መዳፏም እንደዚያው እንደተዘረጋ ወደ ጎን ሄደና ድርቤ ራስ ላይ አረፈ።

ልክ።

ሸዋጌጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርቤን አየቻት። ትከሻዋ፣ ወገቧ፣ ያ አንገት። የነቀምቴን ሰው ሁሉ በዐይኗ የለካች ሴት አንዲቷን ብቻ አልለካም ብላ ዓመት ሙሉ የድርቤን ቀሚስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ኖራለች። ገርዳ ጥልፉን በድርቤ ራስ ላይ አሳልፋ ቀሚሱን በልብሷ ላይ አለበሰቻት፤ እሱም እንደ ውኃ ወረደላት። ሴቶቹ እልል ሊሉ ከጀላቸውና ሐዘን መሆኑ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ።

«ጠርዙ ብቻ ትንሽ መሬት ነካ» አለች ገርዳ። «ሸዋጌጥ፣ ታስተካክይላታለሽ?»

ምን ትበል? እስፒል ከነጠላዋ ጫፍ አይለያትም። ድርቤ እግር ሥር ተንበረከከች፤ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ጠርዙን ታጥፍ ጀመር።

በዚህ መሐል ነው እናቷ ወይዘሮ ማዘንጊያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ግቢውን የገቡት፤ ሌላውን ጥቅል ታቅፈው። «ሸዋዬ! ሸዋዬ! ዋናውን ረስተሽው መጣሽ እኮ! መኪናው ሥር፣ ጨርቅ ሸፍነሽበት አገኘሁት! ለሰው ጎንበስ ቀና ስትይ የራስሽን ጭንቅላት እኮ ጣልሽው!»

«እሰይ፣ ደረሱልን!» አሉ አዴ በቀለች ጥቅሉን እየተቀበሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ከለቅሶ በኋላ የሚመጣ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም።

«ጨርቅ ተሸፍኖበት?» አለች ድርቤ ከላይ፣ ለሸዋጌጥ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ረስተሽው ነው ወይ?»

ሸዋጌጥ አፏ እስፒል ሙሉ ነበር።

«ለኔ ነበር እንዴ ያዘጋጀሽው? እንድዋረድ?»

ሸዋጌጥ አንድ እስፒል አውጥታ ጠርዙን ወጋች። ድርቤ ጠርዙ እንዲደርሳት ትንሽ ዞረችላት። ከዚያ፣ «ለማንም አልናገርም» አለች። ድምጿ ውስጥ ያ ደግነቷ ነበር፤ የተጎዳ ግን ያልጎደለ። ለሸዋጌጥ ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም። አሁን እስከ ዕድሜ ልኳ በዚህች ልጅ ዝምታ ሥር ልትኖር ነው። የቀጣዩን እስፒል ጫፍ ትንሽ አሳልፋ ቁርጭምጭሚቷን ነካ አደረገቻት። ድርቤ «ውይ!» አለች።

«ይቅርታ» አለች ሸዋጌጥ በጥርሷ መሐል። ይቅርታው ለየትኛው እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

ከዚያ ሴቶቹ ነጠላ ዘርግተው ጋረዱ። ድርቤ የእህትን ቀሚስ ለብሳ ወደ ውስጥ ገባች፤ የገርዳን ጥቁር አወለቀች፤ ነጩን አለበሰቻት። ሸዋጌጥ የነጠላውን አንድ ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። አዴ በቀለች ጥቁሩን ጠቅልለው ለነዳያን ሊሰጡ ሲወስዱት ገርዳ ከነጠላው በላይ አንገቷን አውጥታ በሹክሹክታ ጠራቻት።

«ሸዋጌጥ፣ ጥቁሩን የት ወሰዱት?»

«ለድኻ ሊሰጡት ነው። ከል ከወለቀ ቤት አይመለስም።»

«ከል? ከል ምንድን ነው? ሰኞ ለክሊኒክ ምን እለብሳለሁ?»

ሸዋጌጥ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ መጣ፤ ነጠላውን አፏ ላይ አድርጋ ዋጠችው። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ፈትል፣ ያቺ ባለመዝሙር ከነጀርመንኛዋ፤ አንዳቸውም ለገርዳ ልብሱ ምን እንደሆነ አልጠየቋትም። «ዝም በይ» አለቻት። «አመጣልሻለሁ። ለማንም ግን አትናገሪ፤ ለድርቤም ጭምር።»

«ለምን?»

«ኋላ እነግርሻለሁ። በረንዳዬ ላይ።»

ከዚያም ወደ አዴ በቀለች ሄዳ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ «አዴ፣ ይስጡኝ፤ በማርያም በኩል ነው የማልፈው፣ እዚያ ለነዳያኑ እሰጥልዎታለሁ» አለቻቸው። አዴ በቀለች ጉንጯን ሳሟት፤ «ምላሷ ስለታም ነው ብዬ ነበር፣ በደልኩሽ» አሉ። ሸዋጌጥ ጥቁሩን ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው፤ ላዩን ነጠላዋን ጣል አደረገችበት።

ሰዉ ቀምሶ ሲበተን ገርዳና ድርቤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊት ሄዱ፤ ሁለት ነጭ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ፣ «እህትማማቾች ይመስላሉ» ይላል። ሸዋጌጥ ከእናቷ ጋር ከኋላ ናት።

«ምን ያስቀናሻል ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ በድንገት። «ሁለቱንም ያለበስሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ማን ቀናሁ አለ?» አለች ሸዋጌጥ።

ቅርጫቱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ሰኞ ከመንጋቱ ገርዳ ጥቁሯን ፍለጋ በረንዳው ላይ ትመጣለች፤ ዱካውንም መልሳ ልታወጣላት ነው። ይህን እያሰበች ደስ ሊላት ነበር። ዐይኗ ግን ከፊቷ ከሚሄደው ቀሚስ ጠርዝ ላይ አልነሣ አላት። አንድም ቦታ ዘንበል አላለም፤ ድርቤ ስትራመድ ዙሪያውን እኩል ይወዛወዛል። ተንበርክካ፣ ተናዳ፣ እንባዋን ይዛ ያጠፈችው ጠርዝ እንዲያ ቀጥ ያለ ነበር። እጇን ረገመችው።